ቀስት ያገኘውን ክብር ለአራት ነጥብም

ጠቤ ከቀስት ጋር አይደለም። በየድረ ገጹ ግርጌ «ቀጣዩ ጽሑፍ →» ተብሎ ሲጻፍ ያንን ሹል ምልክት ለማውጣት አዘጋጁ ምን ያህል እንደሚጠነቀቅ አውቃለሁ። &#8594; ብሎ በቁጥሩ ይጠራዋል። አንዲት አኃዝ ቢስት ቀስቱ ፊቱን ያዞርበታል፤ 8592 ወደ ግራ፣ 8593 ወደ ላይ፣ 8595 ወደ ታች ያመለክታሉና። ጠቤ ከዚሁ ጠንቃቃ አዘጋጅ ጋር ነው። ቀስቱን እንዲህ አክብሮ ካስቀመጠ በኋላ፣ ከቀስቱ በላይ ያለውን የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በ፡፡ ይዘጋዋል።

«ታዲያ በምን ሊዘጋው ኖሯል?» ትሉኝ ይሆናል። ልዩነቱ ለዓይን እምብዛም ስለማይታይ አልፈርድባችሁም። አራት ነጥብ (።) በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የራሱ መቀመጫ ያለው አንድ ምልክት ነው፤ ቁጥሩ 4962 ነው። ፡፡ ግን ቁጥሩ 4961 የሆነው ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ ተደርድሮ የቆመ ነው። ሁለት ነጥብ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ቃልን ከቃል የሚለይ ምልክት ነው። እንግዲህ በኮምፒውተሩ ዘንድ የተመዘገበው «ነገሩ አለቀ» የሚል ሳይሆን «ቃል ተለየ፣ ቃል ተለየ» የሚል ነው። በሁለቱ መካከል የተለየው ቃል ወዴት አለ? የባሰባቸው ደግሞ የላቲኑን ኮሎን ደጋግመው :: ይላሉ፤ እርሱማ ፊደላችን እንኳ አይደለም።

የባንክ ጸሐፊ ነኝና በሙያዬ ልናገር። አንድ ሰው በሒሳብ ቁጥር ውስጥ ዜሮ መምታት ሲገባው «ኦ» የተባለችውን የላቲን ፊደል ቢመታ፣ በወረቀት ታትሞ ሲታይ ማንም አይለየውም። ሲስተሙ ግን እንዲህ ያለ ሒሳብ የለም ብሎ ይመልሰዋል። በመስኮቱ ፊት የቆሙት እናት «ልጄ፣ ይኸው ተጽፎ የለም እንዴ!» ቢሉ እውነታቸውን ነው፤ ለዓይን ተጽፏል። ለመዝገቡ ግን አልተጻፈም።

ይህን የምለው ከጥፋቱ ነጽቼ አይደለም። በአንድ የበዓል ዋዜማ፣ ለዓመታት የጻፍኳቸውን ግጥሞችና ወጎች በአንድ ፋይል ሰብስቤ፣ ለእርማት እንዲመቸኝ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በየራሱ መስመር እንዲቆም አሰብኩ። በአራት ነጥብ ላይ ሁሉ መስመር እንዲሰብር ማሽኑን አዘዝኩት። ግማሹ ታዘዘ፤ ግማሹ ገጽ ሙሉ ማሰሪያ እንደሌለው ዓረፍተ ነገር ተዘርግቶ ቀረ። ብመረምረው በአንድ ሰው ጽሑፍ ውስጥ አምስት ዓይነት አራት ነጥብ ተገኘ፦ እውነተኛው፣ ሁለት ሁለት ነጥብ፣ ሁለት ኮሎን፣ አንዱ ከኢትዮጵያ አንዱ ከላቲን የተጣመረ፣ በመጨረሻም በመካከላቸው ክፍት ቦታ የገባባቸው ባልና ሚስት የመሰሉ። የምከሰው ሌላ ሰው አልነበረኝም። ስለ ነጥብ የሚጨነቅ ገጣሚ ነኝ ባይ ሆኜ ስንኞቼን የዘጋሁት በባዶ ኖሯል።

ቀስትም ፊደላችንም በአንድ በሽታ ታመው ያውቃሉ። ዊንግዲንግስ በተባለው ፎንት የተሠራው ቀስት በእውነቱ ጭረት የተደፋባት የላቲን «ኤ» ነበር፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ጭምብሉ ይወልቅና ፊደሏ ብቻ ትቀራለች። የቀድሞዎቹ የአማርኛ ፎንቶችም እንዲሁ በላቲን ፊደላት ወንበር ላይ የአማርኛ መልክ ያስቀምጡ ስለነበር፣ ደብዳቤያችን ሌላ ማሽን ላይ ሲደርስ የተፈታ ልቃቂት ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ግን ለግዕዝ ፊደል ከነነጥቡና ከነአኃዙ የራሱ ቦታ ተሰጠው። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ይዘትና ደረት፣ ርክርክና ድፋት ሳይቀሩ ዐሥር የዜማ ምልክቶች ከ5008 እስከ 5017 ያለውን ቁጥር አገኙ። ለዜማው ምልክት ቦታ ተገኝቶ፣ እኛ በየቀኑ የምንደግመውን አራት ነጥብ ከቁርጥራጭ እንሰፋለን!

«አንባቢው ከገባው ምን ቸገረህ?» የሚሉኝ አሉ። አንባቢው ዓይን ብቻ ቢሆን ኖሮ በተስማማሁ። ዛሬ ግን ጽሑፋችንን የሚፈልግልን፣ የሚተረጉምልን፣ ከእርሱም አማርኛ የሚማረው ማሽን ነው። ዓረፍተ ነገር የት እንደሚያልቅ ካልነገርነው ከየት ያውቀዋል? «የፊደል ገበታው አይመችም» የሚለውም ምክንያት አያዋጣም። ኮሎኗን ሁለት ጊዜ ሲመቷት ራሱ ወደ ። የሚለውጥ ገበታ አለ፤ ያም ባይኖር ቀስቱን በቁጥሩ የጠራች ጣት &#4962; ለማለት አትደክምም።

(ስለ ፧ አልሟገትም። ሦስቱ ነጥብ ለባዕዱ መንጠቆ ቦታዋን ከለቀቀች ቆይታለች፤ እኔም ከላይ ስጠይቅ የነበረው በመንጠቆው ነው።)

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ለምሳሌ ካቀረብኳቸው በቀር ፡፡ ወይም :: ፈልጉ። አንዲት እንኳ ብትገኝ ስሕተቱ የእኔ ነውና ከነመስመሯ ላኩልኝ፤ በዚያው ምሽት አርማታለሁ።