የ5 ሰዓቱ ጨዋታና የጠዋቱ ዕዳ

የስፖርቱ ቤተሰብ ነገሩን ያውቀዋል። አውሮፓውያን በጥቅምት አጋማሽ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ፣ የሻምፒዮንስ ሊግ የማታ ጨዋታዎች በአዲስ አበባ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ይሆናሉ። ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ሃያ ሁለት፣ ከገርጂ እስከ ሲኤምሲ ኳስ የሚያሳዩ ቤቶች ጢም ብለው ይሞላሉ። ጨዋታው ሲያልቅ ለ7 ሰዓት ጥቂት ነው የሚቀረው። ጭማሪ ሰዓትና ፍፁም ቅጣት ምት ከመጣማ ለ8 ይቃረባል።

ችግሩ ቤት ከተገባ በኋላ ነው። ደጋፊው ጋደም ይላል፤ እንቅልፍ ግን እምቢ ይለዋል። የተሳተው ጎልና ዳኛው ያለፈው ፍፁም ቅጣት ምት ዓይኑ ላይ ይመላለሳሉ።

አንድ ሌሊት ማምሸት በሽታ አይደለም። ሐኪሞች ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት የሚሉት፣ ሰው ለመተኛት ጊዜ እያለው በሳምንት ቢያንስ 3 ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣ፣ ይኼም ለ3 ወር ሲቀጥልና የቀን ሥራውን ሲያውክበት ነው። ወደዚያ የሚወስደው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጨዋታው ራሱ ሳይሆን የማግስቱ ማካካሻ ነው። ጠዋት ማኪያቶ በማኪያቶ ላይ፣ ከምሳ በኋላ ጫት፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ። እሁድ ደግሞ እስከ ቀትር መተኛት፣ ከዚያ እሁድ ማታ ጣራ ላይ ማፍጠጥ።

ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። 11 ሰዓት ላይ የተጠጣው ቡና ግማሹ ማታ 4 ሰዓት ላይም አለ ማለት ነው። ጫትም ያው አነቃቂ ነው። መጠጥ ቶሎ ያስተኛል፤ ነገር ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን እንቅልፍ ይቆራርጠዋል።

ጉዳቱ ማዛጋት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 ይፋ የሆነ የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ከ17 እስከ 19 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው በአንዳንድ ፈተናዎች ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው እኩል ወይም ከዚያ በባሰ እንደሚዳከም አሳይቷል። ጠዋት 12 ሰዓት የተነሳ ደጋፊ የ5 ሰዓቱ ፊሽካ ሲነፋ 17 ሰዓት ነቅቷል፤ ጨዋታው ሲያልቅ 19 ይሞላዋል። ብርጭቆ ባይነካ እንኳ ወደ ሰሚትና አያት የሚነዳው እንደጠጣ ሰው ነው። ሌሊቱን ሲያይ አድሮ ንጋት ላይ መገናኛ ተሳፋሪ የሚጭን ሾፌር ደግሞ አደጋው የእሱ ብቻ አይደለም።

መፍትሔው ኪኒን ነው ብሎ ፋርማሲ መሮጥ አያዋጣም። ዳያዜፓምን የመሰሉ መድኃኒቶች ሱስ ያስይዛሉ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰዱ አይደሉም። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 ለአዋቂዎች በቅድሚያ የመከረው መድኃኒት ሳይሆን የአስተሳሰብና የልማድ ሕክምና ነው። ዋናው ነገር በማንኛውም ሌሊት ቢመሽም ጠዋት በተለመደው ሰዓት መነሳት ነው። አልጋ ለእንቅልፍ እንጂ ለስልክና ለውርርድ ትኬት ቆጠራ አይሁን። 20 ደቂቃ ያህል ካልተኙ ተነስቶ ብርሃኑ ደብዘዝ ባለበት መቀመጥ፣ እንቅልፍ ሲመጣ መመለስ ይሻላል። የቀን እንቅልፍ ካስፈለገ ከግማሽ ሰዓት አይለፍ። ይኼ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻለ፣ ወይም ሲያንኮራፉ ትንፋሽ የሚቋረጥ ከሆነ፣ ሐኪም ጋ መሄድ ነው።

ማንቸስተር ዩናይትድ በፈርጉሰን ዘመን ኒክ ሊትልሄልስ የተባለ የእንቅልፍ አማካሪ ጋር ሠርቷል። ተጫዋቹ እንዲህ እየታሰበለት ሲተኛ ደጋፊው ለእሱ ብሎ ሳይተኛ ያድራል። ኳስ ይቅር የሚል የለም። ግን የ5 ሰዓቱን ጨዋታ ሁሉ ማየት ግዴታ አይደለም፤ የራስን ቡድን መርጦ፣ በሰፈር በእግር የሚደረስበት ቤት አይቶ፣ መኪናውን ግቢ ትቶ መውጣት ይቻላል። ሌላውን ጎል ጠዋት ቁርስ ላይ ማየት ይቻላል።