ከኋላ መከለል ማጭበርበር ነው እንዴ?

በትምህርት ቤታችን የብስክሌት ውድድር ከተካሄደ ወዲህ በእረፍት ሰዓት ጭቅጭቁ አላባራም። አንደኛ የወጣው ልጅ እስከ መጨረሻው ዙር ሁለተኛ ከወጣው ልጅ ጀርባ ተከልሎ ነድቶ፣ መስመሩ ጋ ሲደርስ ስለቀደመው ብዙዎች «አጭበርባሪ! ሽልማቱን ይመልስ!» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም።

መጀመሪያ ነገሩን እንረዳው። ብስክሌት በፍጥነት ስንነዳ ትልቁ ድካም ንፋሱን መግፋት ነው። ከፊት ያለው ንፋሱን ይጋፈጣል፤ ከኋላው ተጠግቶ የሚነዳው ግን ከጉልበቱ 30 በመቶ ያህል ሊቆጥብ ይችላል። በቱር ደ ፍራንስ ተወዳዳሪዎቹ ተጠጋግተው የሚነዱትም ለዚህ ነው። ሕጉ አይከለክላቸውም። በሩጫም ቢሆን ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሎምፒክ 10,000 ሜትር፣ በመጨረሻው ዙር ከፖል ቴርጋት ኋላ መጥቶ በ0.09 ሰከንድ ሲቀድመው «አጭበረበረ» ያለ ኢትዮጵያዊ አለ? ኧረ የለም!

ነገር ግን ሕግ አለመጣስና ጨዋነት አንድ አይደሉም። በትልልቅ ውድድሮች ከሌሎች ተነጥለው የወጡ ብስክሌተኞች ፊት ለፊቱን ይፈራረቁበታል። አንዱ ጥቂት መርቶ ወደ ጎን ይወጣና ከኋላ ይሰለፋል፤ ቀጣዩ ይመራል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው ነው። የደከመ ወይም የቡድን ጓደኛው ቀድሞ የሄደ ተወዳዳሪ ባይመራ ሰው ይረዳዋል። ጉልበት እያለው ተራውን የማይወጣ ግን ባይቀጣም ይታዘቡታል፣ ሌላ ቀንም የሚተባበረው አያገኝ።

ሌላም አለ። ከኋላ ያለው የፊት ጎማውን ከፊተኛው የኋላ ጎማ ጋር ማነካካት የለበትም፤ ከተነካኩ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እሱ ራሱ ነው። ከፊት ያለውም በድንገት ፍሬን መያዝ የለበትም፣ ጉድጓድ ሲያይ በእጁ ማመልከት አለበት።

መከለል በእርግጥ ማጭበርበር የሚሆንበት ውድድር አለ። ሁሉም በየተራ ብቻውን ተነስቶ በሰዓት በሚለካበት ውድድር ሰውን ተከልሎ መንዳት ክልክል ነው፣ ያስቀጣል። የኛ ግን እንደዚያ አልነበረም። አንድ ላይ ተነስተናል፣ ስለ መከለልም ማንም ምንም አልነገረንም።

ስለዚህ የሰውነት ማጎልመሻ መምህራችንን የምጠይቀው፣ ለሚቀጥለው ውድድር ፊሽካ ከመነፋቱ በፊት ደንቡ ይነገረን። መከለል ከተፈቀደ መፈራረቅንም ያስተምሩን። የእያንዳንዱ ጉልበት ብቻ እንዲለካ ከተፈለገ ደግሞ አንድ በአንድ ያስነሱን።

ያሸነፈውንም ልጅ ስድቡ ይብቃው። ስድቡን ፈርቶ በእረፍት ሰዓት ከክፍል መውጣት ትቷል። ካልተነገረው ደንብ ተነስተን ሽልማቱን መቀማት ከመከለሉ የባሰ ግፍ ነው። ለእሱም የምለው አለኝ፦ ወንድሜ፣ በሚቀጥለው አንተም ንፋሱን ትንሽ ቅመሰው!

አስተያየቴን ጨረስኩ። የማይስማማ ካለ ጽፎ ለክበባችን ይስጥ። ቸር ይግጠመን!

ከ7ኛ «ለ» ክፍል