መብቱ በአማርኛ ተጽፏል፤ ጎዳናው ላይ ግን አልደረሰም

በዋሽንግተን ዲሲ ማደሪያ አጥቶ ጎዳና ላይ የወደቀ ወገናችን በሕግ የተረጋገጡ ሁለት መብቶች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የቤት አልባዎች አገልግሎት ማሻሻያ ሕግ፣ ቅዝቃዜው ከ32 ዲግሪ ፋራናይት በታች ሲወርድ ከተማዋ መጠለያ እንድትሰጠው ያስገድዳል። በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ደግሞ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች በሚገባው ቋንቋ እንዲያስተናግዱት ያዛል፤ አማርኛም በዚህ ሕግ ወሳኝ ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ይሁንና ቋንቋው ከመሥሪያ ቤት መስኮት አልፎ ሰው እስከተኛበት ጥግ ካልተጓዘ፣ የመጀመሪያው መብትም ከወረቀት አያልፍም።

ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት የጎዳና ላይ ድጋፍ ሠራተኞችን ሥራ መመልከት ያስፈልጋል። ሠራተኞቹ ውኃና ብርድ ልብስ ይዘው ደጋግመው በመሄድ እምነት ያተርፋሉ። ከዚያም በመጠይቅ ስለ ጤና፣ ጎዳና ላይ ስለቆዩበት ጊዜና ስለደረሰ ጉዳት ይጠይቃሉ። መልሱ ለቋሚ መኖሪያ ቤት በሚደረገው ምደባ ማን ቅድሚያ እንደሚያገኝ ለመወሰን ይረዳል። እንግዲህ በእኛ ባህል «ጤናህ እንዴት ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው፣ ሕመም ቢያሰቃየውም «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለቱ ወግ ነው። ባህሉን የማያውቅ ጠያቂ ግን መልሱን እንዳለ ይመዘግበዋል፤ በጨዋነት የተሰጠ መልስ ሰውየውን ከሰልፉ መጨረሻ ያስቀምጠዋል።

የስልክ አስተርጓሚ አለ የሚል መከራከሪያ እንደሚነሳ እናውቃለን። አገልግሎቱ ቢሮ ውስጥ ቅጽ ለማስሞላት ይጠቅማል። ስለ አእምሮ ሕመም፣ ስለ መጠጥ ወይም ስለ ፈረሰ ትዳር በሌሊት ጎዳና ላይ ለመናገር ግን በቂ አይደለም። ማኅበረሰባችን ጠባብ በመሆኑ፣ በስልክ የሚሰማው ድምፅ የማን ዘመድ እንደሆነ የማያውቅ ሰው ዝምታን ይመርጣል። በመሆኑም ጥያቄያችን የቃላት ትርጉም ብቻ ሳይሆን፣ በሚስጥር ጠባቂነት የሠለጠነና ተጠያቂነት ያለበት ባለሙያ ነው።

ጉዳዩን አሁን አጣዳፊ ያደረገው የፖሊሲው አቅጣጫ መለወጡ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰኔ 28 ቀን 2024 በግራንትስ ፓስ ጉዳይ በ6 ለ3 ድምፅ በሰጠው ውሳኔ፣ ደጅ ማደርን የሚቀጡ የከተማ ደንቦች ጨካኝና ያልተለመደ ቅጣትን የሚከለክለውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ እንደማይጥሱ ወስኗል። ፍርድ ቤቱ ከተሞች እንዲቀጡ ፈቀደ እንጂ አላስገደደም። የፌዴራሉ መንግሥት ግን መጋቢት 1 ቀን 2025 እንግሊዝኛን ይፋዊ ቋንቋ አድርጎ፣ የፌዴራል ተቋማትን የቋንቋ ድጋፍ ግዴታ ያጠናክር የነበረውን የ2000 ትእዛዝ ሻረ፤ ሐምሌ 24 ቀን 2025 ደግሞ ጎዳና ላይ ማደርን በጥብቅ የሚያስቆጣጥር ትእዛዝ አወጣ። በቀጣዩ ወር በዲሲ የድንኳን ሰፈሮች ተነሡ።

ድንኳን በድንገት ሲነሣ አብሮ የሚጠፋው ቦርሳ የመኖሪያ ፈቃድ ወይም የጥገኝነት ማመልከቻ የያዘ ሊሆን ይችላል። እነዚህን መልሶ ማግኘት ገንዘብና ወራት ይጠይቃል፤ ያለ እነርሱም ሥራም ሆነ ቤት ማግኘት ይከብዳል። ድጋፍ ሰጪው ከፖሊስ ጋር ሲመጣ ደግሞ በስንት ጊዜ የተገነባው እምነት በአንድ ጠዋት ይፈርሳል፤ በስደተኝነት ጉዳዩ ስጋት ያለበት ሰውም ዳግመኛ እንዳይገኝ ሆኖ ይሸሸጋል።

የዲሲ የቋንቋ ሕግ ግን የከተማዋ የራሷ ሕግ በመሆኑ ዛሬም ይሠራል። ስለዚህ የከተማዋን ምክር ቤትና አስተዳደር የሚከተሉትን እንጠይቃለን፦

1. ከጎዳና ላይ ድጋፍ ድርጅቶች ጋር የሚገባ ውል ሁሉ አማርኛ ተናጋሪ ሠራተኛ መቅጠርንና የሚስጥር ጥበቃ ሥልጠናን ግዴታ ያድርግ።
2. ድንኳን ከመነሣቱ በፊት የሚለጠፍ ማስታወቂያ በአማርኛም ይጻፍ፤ የተነሡ ሰነዶችም ለባለቤታቸው ተጠብቀው ይቆዩ።
3. የድጋፍ ሥራው ከፖሊስ ሥራ ተለይቶ ይካሄድ።

ለራሳችንም የምንለው አለን። ከመካከላችን አንድ ሰው በድንገት ሲሞት አስከሬኑን ወደ አገር ቤት ለመላክ በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ ገንዘብ እናሰባስባለን። ይህ ሊመሰገን የሚገባው ባህል ነው። ዕድሮቻችን፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶቻችን ከዚያ ትጋት ጥቂቱን በሕይወት ላለው ቢያውሉት፣ በብርድ ሌሊት 311 ደውሎ መጠለያ የሚጠይቅለት፣ በቋንቋው ያልተስተናገደ እንደሆነም ለከተማዋ የሰብአዊ መብቶች ቢሮ አቤቱታ የሚያቀርብለት ሰው አያጣም። ቀብሩን ለማሳመር ከምንሰበሰብለት ወገናችን ጋር፣ ገና በሕይወት ሳለ ብንገናኝ ይሻላል።