ከገንዳው ሥር ላለው ማን ያስብለታል?



በዛሬው ዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ለብዙዎች ትንሽ ሊመስል ይችላል። በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ዓሣ ለሚያሳድግ ቤተሰብ ግን የየዕለት ጉዳይ ነው። ለልጆች ደስታ ተብሎ በሚገዛው ገንዳ ውስጥ በመጀመሪያ ከላይ የሚዋኙት ባለ ቀለም ዓሦች ይገባሉ። ከእነርሱም ጋር ከወለሉ የማይርቁ አንድ ሁለት ዓሦች ይጨመራሉ። ስለ እነዚህ ሲጠየቅ ሻጩም ገዢውም መልሱ አንድ ነው፤ «እነዚህ እንኳ ጽዳት ሠራተኞች ናቸው፤ የሌሎቹን ትርፍራፊና ቆሻሻ ይበላሉ» ይባላል። ከዚያ በኋላ ስለ ምግባቸው የሚጠይቅ አይኖርም።

ይህ አባባል ብዙ ዓሦችን ለረሃብ ዳርጓል። ከወለል የሚኖሩ ዓሦች የሌላውን ኩስ በልተው አይኖሩም። ላይ ያሉት የተጣለውን ፈጥነው ሲጨርሱት ከታች ያለው ጦሙን ያድራል። እየዋለ ሲያድር ሆዱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ዓይኑ ይጎደጉዳል፣ በመጨረሻም ይሞታል። ቤተሰቡም በሽታ የገደለው ይመስለዋል። ምግብ በሞላበት ቤት በረሃብ መሞቱን የሚጠረጥር የለም።

ምን እንደሚበላ ለማወቅ በቅድሚያ ማንነቱን መለየት ያስፈልጋል። በየቤቱ በብዛት ከሚታዩት መካከል ሁለቱን እንጥቀስ። አንደኛው ኮሪዶራስ የሚባለው ጢማም ትንሽ ዓሣ ነው። ሁለተኛው ፕሌኮ ሲሆን መምጠጫ በመሰለው አፉ ከመስተዋቱ ላይ ይለጠፋል። ሁለቱም የደቡብ አሜሪካ ውኃዎች ተወላጆች ናቸው። በጣናና በሐዋሳ ሐይቆች የምናውቀው አምባዛም የሩቅ ዘመዳቸው ነው።

ሁለቱ በአንድ ወለል ቢኖሩም ምግባቸው አንድ አይደለም። ኮሪዶራስ በጢሙ አሸዋውን እየዳሰሰ ትላትልና የነፍሳት እጭ ለቅሞ የሚበላ ነው፤ ስለዚህ አትክልት ብቻውን አይበቃውም። የተለመደው ፕሌኮ ደግሞ ከድንጋይና ከእንጨት ላይ አረንጓዴውን አልጌ እየፋቀ ስለሚበላ ከጓዳችን የሚስማማው አትክልቱ ነው። ሲገዛ ጣት የሚያክለው ይህ ዓሣ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊያድግ ስለሚችል ከመስተዋቱ በሚፍቀው ብቻ ይጠግባል ብሎ ማሰብ አይገባም።

እንግዲህ ከማድ ቤት ምን እንስጣቸው? ለፕሌኮ ዝኩኒ፣ ኪያር፣ ሰላጣና ዱባ ይስማሙታል። አትክልቱ በሚገባ ይታጠብ። ዝኩኒው በአንድ ጣት ውፍረት ይቆረጥና በፈላ ውኃ ውስጥ ለ1 ወይም ለ2 ደቂቃ ይነከር፤ ይህም ያለሰልሰዋል። ዱባ ጠንካራ ስለሆነ እስኪለሰልስ ይቀቀል። ኪያርና ሰላጣ በጥሬያቸው ይሆናሉ። ሁሉም ከቀዘቀዘ በኋላ ይሰጣል። አትክልት ስለሚንሳፈፍ በማይዝግ ሹካ ወግቶ ወደ ወለሉ ማስመጥ ያስፈልጋል።

ለኮሪዶራስ የተቀቀለ እሸት አተር ልጣጩ ወልቆና ተደቁሶ በጥቂቱ ሊሰጠው ይችላል። ጨውና ቅመም ያልነካው፣ በጣም ደቅቆ የተከተፈ የዓሣ ሥጋም አልፎ አልፎ ይሰጠዋል። ሆኖም የሁለቱም የዘወትር ምግብ በሱቅ የሚሸጠው፣ ወደ ታች የሚሰምጠው እንክብል ቢሆን ይመረጣል። የጓዳው ምግብ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚጨመር ማሟያ ነው።

የማይሰጠውንም እንወቅ። እንጀራ፣ ዳቦና ወጥ የነካው ማንኛውም ነገር ወደ ገንዳው አይግባ። ጨው፣ በርበሬና ዘይት ዓሣውንም ውኃውንም ይጎዳሉ። የበሬና የበግ ጮማም ለዓሣ ሆድ አይስማማም።

የበዛ ምግብ ከረሃብ ባልተናነሰ ይገድላል። ሳይበላ የቀረው ሲበሰብስ አሞኒያ የተባለ መርዝ ወደ ውኃው ይለቃል። ይህም ዓሣው የሚተነፍስበትን ስንጥብ ያቃጥላል። በገንዳው ውስጥ ያሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሞኒያን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት ይለውጡታል፤ ነገር ግን አቅማቸው ውሱን ነው። ብስባሹ የሚጠራቀመው ከወለሉ ላይ በመሆኑ መከራው የሚብሰው እዚያ ለሚኖሩት ነው፤ በቆሸሸ ወለል ላይ የኮሪዶራስ ጢም እየተበላ ሊያጥር ይችላል። ስለዚህ ማታ የገባው አትክልት ጠዋት ይውጣ፤ ቢዘገይ እንኳ ከ24 ሰዓት አይለፍ። በየሳምንቱም ከገንዳው ውኃ ሩብ ያህሉ ይለወጥ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ካለበት አስቀድሞ በማስወገጃ መድኃኒት ይታከም።

ምግቡ የሚሰጥበት ጊዜም ይታሰብበት። እነዚህ ዓሦች ይበልጥ የሚንቀሳቀሱት ሲመሽ ነው። የላዮቹ ከተመገቡ በኋላ መብራቱ ጠፍቶ ምግባቸው ቢጣልላቸው ድርሻቸው ለሌላ አይተርፍም።

እናቶችና አባቶች ሆይ! ይህን ሥራ ከልጆቻችሁ ለአንዱ ስጡት። ማታ ቁራጯን ያስገባ፣ ጠዋት ትርፉን ያውጣ፣ በሳምንት አንድ ቀን የዓሣው ሆድ ሞላ ያለ መሆኑን ይመልከት። ማንም ልብ የማይለውን፣ ጮኾም የማይለምነውን ፍጡር ማሰብ በዚህ ይለመዳል። ድመት ዘግታባት፣ ሳታበላትም ሳትለቃትም በረሃብ ስለገደለቻት ሴት ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። በመስተዋት ውስጥ የዘጋንበት ዓሣም ወጥቶ ምግቡን መፈለግ አይችልም። ዛሬ ማታ ከገንዳው ሥር ጎንበስ ብላችሁ ሆዱን እዩለት።