ከዳተኛው ማን ነው?

እስቲ መጀመሪያ አማርኛችንን እንጠይቅ። ወታደር ጦሩን ጥሎ ሲሄድ «ከዳ» እንላለን። ወዳጁን አሳልፎ የሸጠውንም «ከዳ» እንለዋለን። በአንድ ቃል ሁለቱንም ኮንነን ቁጭ! ምርመራ ሳይጀመር ፍርድ አለቀ።

የአጼ ቴዎድሮስ ነገር በተነሳ ቁጥር ይሄ ያናድደኛል። ምስላቸውን ካናቴራ ላይ አትመን እንዞራለን፤ «ጀግናውን ከዳተኞች ጣሉት» እያልን እንቆጫለን። እሺ፣ እነዚያ ከዳተኞች የማን ልጆች ነበሩ?

ዛሬ በሩዙና በከብቱ የምናውቀው የፎገራ ሜዳ፣ ወረታን ይዞ፣ በጎንደርና በደብረ ታቦር መካከል የተዘረጋ ነው። ጦር ሲመላለስ የሚበላው የገበሬውን ነው። ንጉሡ በመጀመሪያ ዘመናቸው ለወታደሩ ደመወዝ ሰጥተው ዘረፋን ለማስቀረት ሞክረዋል፤ ይመሰገኑበታል። በ1859 ዓ.ም. ግን ራሳቸው ጎንደርን አዘርፈው አቃጠሉ። የገበሬ ልጅ የሆነው ወታደር የገበሬ ጎተራ እንዲያራግፍ ታዘዘ። ሌሊት ተነስቶ ጠፋ። ምን ያድርግ?

የተያዘ እጅና እግሩ ይቆረጣል፣ ይገደላል። የከዱ ሰዎች ቤተሰብ ሳይቀር እንደሚቀጣ እስረኛው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ጽፏል።

የእኛ ብቻ አይደለም። የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ በ1684 (እ.ኤ.አ.) ከጦር የኮበለለ አፍንጫና ጆሮው ተቆርጦ፣ ጉንጩ በጋለ ብረት ተተኩሶ፣ ዕድሜ ልኩን በሰንሰለት ታስሮ የንጉሡን መርከብ እንዲቀዝፍ አዘዘ። ኮብላይ ግን አልጠፋም።

እኛም ዘንድ ቅጣቱ ጦሩን አላቆየም፤ በተነው እንጂ። ብዙ አስር ሺህ የነበረው ሠራዊት፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር እየጎተተ መቅደላ ሲደርስ ጥቂት ሺህ ቀርቶት ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሽጉጣቸውን ጠጡ።

«ታዲያ ለእንግሊዝ አሳልፈው ሰጧቸው እኮ!» የሚል አይጠፋም። ወዳጄ፣ ጎንደር የነደደችው እንግሊዝ ዙላ ከመውረዱ አንድ ዓመት ያህል ቀድሞ ነው። በጌምድር የሸፈተው ለንግሥት ቪክቶሪያ ብሎ ሳይሆን ለጎተራው ብሎ ነው።

የቴዎድሮስን ራእይ እንውደድ፣ ማንም አይከለክለንም። ግን ያንን ስም የለሽ የገበሬ ልጅ ከዳተኛ እያልን ሁለተኛ አንቅጣው። አንድ ሰው ቢከዳ ሰውየው ይጠየቅ። አገር ሙሉ ሲከዳ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው የተከዳው ነው።