የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጥራት በምን ይለካል?

በምሥራቅ አፍሪካ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስኬት ለረጅም ጊዜ ሲለካ የቆየው በተመዝጋቢዎች ቁጥር ነው። ኡጋንዳ እአአ በ1997፣ ኬንያ ደግሞ በ2003 የትምህርት ክፍያን ሲያስቀሩ ክፍሎች በተማሪዎች ተጨናነቁ። በኬንያ ብቻ ቁጥሩ ከ5.9 ሚሊዮን ገደማ ወደ 7.2 ሚሊዮን አሻቀበ።

ይሁንና ክፍል ውስጥ መቀመጥ ሁልጊዜ መማር ማለት አይደለም። 'ኡዌዞ' የተሰኘው ተነሳሽነት በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኡጋንዳ ቤት ለቤት በመዞር ልጆችን የሁለተኛ ክፍል ጽሑፍ ሲያስነብብ፣ ከፍ ባሉ ክፍሎች የሚማሩ በርካታ ልጆችም ማንበብ ተስኗቸው ተገኝተዋል።

የፈተና አማካይ ውጤትም ብቻውን አያስተማምንም። ደካማ ተማሪዎችን ለፈተና የማያስቀምጥ ትምህርት ቤት ውጤቱ ያማረ ሊመስል ይችላል። ከዚህም በላይ ፈተና ችግሩን የሚያሳየው ዘግይቶ ነው። በኢትዮጵያ እአአ በ2022 የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆናቸው ሲነገር፣ ተማሪዎቹ ከፊደል ጋር ከተዋወቁ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር።

ስለዚህ ትምህርት ቤትን ለመመዘን ከሕንፃውና ከደረጃ ሰንጠረዡ ይልቅ ቀላል ጥያቄዎች ይበጃሉ። መምህሩ በሰዓቱ ክፍል ይገባል? መጽሐፉ ተማሪው እጅ ደርሷል? የሦስተኛ ክፍል ተማሪ አጭር ጽሑፍ አንብቦ ሐሳቡን ያስረዳል? ወደ ኋላ የቀረውንስ ማን ይደግፈዋል? ለግል ትምህርት ቤት መክፈል ለማይችል ቤተሰብ፣ የልጁ ዕድል የተንጠለጠለው በእነዚህ መልሶች ላይ ነው።