«እኔ ኮምፒውተር ላይ እኮ ይሠራል!»

ይቺን ዓረፍተ ነገር ብሎ የማያውቅ ፕሮግራመር እጁን ያውጣ። እኛ አናወጣም። ብለናታል፤ ያውም የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን ባቀረብንበት ቀን፣ ሦስት መምህራን ፊት፣ የተዋስነውን ከረባት አስረን። የአንዳችን ላፕቶፕ ላይ ሲሠራ የከረመውን አፕ በፍላሽ ይዘን ሄድን፤ የክፍሉ ኮምፒውተር ላይ ስንከፍተው ስክሪኑ ቀይ በቀይ ሆነ። ለካ ቢልድ ፋይሉ ውስጥ አንዷ ላይብረሪ የተመዘገበችው «ሲ ድራይቭ፣ ዩዘርስ፣ የጓደኛችን ስም፣ ዴስክቶፕ» ተብላ ነው። የጓደኛችን ዴስክቶፕ ደግሞ ያለው ጓደኛችን ቤት ነው።

ኮድ መጻፍ ዓመታት ተምረናል። ሴቲንግ ግን ማንም አላስተማረንም። ቀዩ እስኪጠፋ ድረስ ከዚህም ከዚያም እየቀዳን እንለጥፋለን፤ ሲሠራ «በቃ አትንካው!» ተባብለን እንሸሻለን። ከዚያ ፋይሉ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም። እኛ ደግሞ የምንለው፣ ሴቲንጉም የፕሮግራሙ አካል ነውና እንደ ኮዱ ይነበብ፣ ይገምገም፣ ስህተት ካለበትም ነጥብ ይቀነስበት ነው።

አንድሮይድ ስቱዲዮን እንውሰድ። እዚያ ቤት አለቃው ግሬድል ነው። ላይብረሪ ስንጠራ በቨርዥኑ ቁጥር ቦታ የመደመር ምልክት ካስቀመጥን (የፖለቲካውን መደመር አላልንም) «የመጨረሻውን አምጣልኝ» ማለታችን ነው። ግሬድል የያዘውን መልስ ለ24 ሰዓት ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ቢልድ ስናደርግ አዲስ ወጥቶ እንደሆነ ሊጠይቅ እንደገና ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። ዳታ በጥቅል ለሚገዛ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ይባስ ብሎ ትናንት የሠራው ፕሮጀክት አንዲት ፊደል ሳንነካ ዛሬ እምቢ ሊል ይችላል፤ ላይብረሪው ከሥራችን ተቀይሯላ! በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ፣ ቁጥሩን ለይቶ የጻፈና የሚያስፈልገውን ቀድሞ ያወረደ ሰው ኦፍላይን ሞድ ላይ አድርጎ ሥራውን መቀጠል ይችል ነበር። የቀረነው ቡና ስናፈላ ከረምን።

«ደንበኛው ሴቲንግ አያይም፣ ጊዜ አታባክኑ» የሚሉን አሉ። አያይም፣ እውነት ነው። ግን ይደርስበታል። አዲስ ፕሮጀክት ስንከፍት «ሚኒመም ኤስዲኬ» የሚል ጥያቄ ይመጣል። 26 ብለን ካለፍን ከአንድሮይድ 8.0 በታች የሆነ ስልክ አፑን አይጭንም። 21 ብንል አንድሮይድ 5.0 ያለውም ይገባል። ከፍ ያለው ቁጥር ለእኛ ይቀለናል፤ አሮጌ ስልክ እየፈለግን መሞከር ይቀርልናል። ነገር ግን አፑ የገበያ ዋጋ የሚናገር ከሆነና የሚጠቀሙበት እናቶች የያዙት ከልጅ የተረፈ ስልክ ከሆነስ? ማን ይግባ፣ ማን በር ላይ ይቅር የሚለው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ እንቅልፍ ባንገላታው አንድ ልጅ ክሊክ እየተወሰነ ነው። ስብሰባ የሚያስፈልገው እኮ ለሎጎው ቀለም አልነበረም።

ሌላው ቀላል ነው። «ሎካል ፕሮፐርቲስ» የሚባለውን ፋይል ለሰው አትላኩ፤ የራሳችሁን ኮምፒውተር አድራሻ የያዘ ነው፣ ራሱም አናቱ ላይ «ቨርዥን ኮንትሮል ውስጥ አታስገቡኝ» ይላል። የግሬድል ራፐሩን ግን ላኩ፤ የትኛው የግሬድል ቨርዥን እንደሚያስፈልግ የሚናገረው እሱ ነው። ከማስረከባችሁ በፊት ደግሞ ፕሮጀክቱን አይቶት በማያውቅ የሌላ ሰው ላፕቶፕ ላይ ክፈቱት። አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

የዚያን ቀን አንደኛው መምህር መነጽራቸውን አውልቀው ጓደኛችንን «ቤትህ ሩቅ ነው?» አሉት። ጎተራ ነበር። ከረባቱን እንዳሰረ ታክሲ ሊይዝ ሮጠ፤ እኛ ደግሞ ፓወር ፖይንቱን ሁለት ጊዜ አቀረብን።